ድምፁን ከፍ ያድርጉልኝ

ውጅ በምትባል ከተማ፣ ከፋብሪካው ሠፈር ማዶ፣
አለ አንድ ግራጫ ፎቅ፣ መስኮቱ በውርጭ ተጋርዶ።
ሰባተኛው ፎቅ ላይ፣ ከአሳንሰሩ ግራ ባለው በር፣
ጌኖቬፋ ትኖራለች፤ ሌሊት መቁጠር ከተባለ መኖር።

አርባ ዓመት ሸምናለች፣ በእጅ ሳይሆን በመኪና፤
መቶ ሃያ መወርወሪያ ሲጋልብ በብረት ጎዳና፣
ወለሉ ከእግሯ ሥር እንደ ፈረስ ጎን ሲርገበገብ፣
ሴቶቹ በከንፈር ያወሩ ነበር፤ ቃል በዓይን ነበር የሚነበብ።
ጆሮዋ ያኔ ለመደ፤ ጩኸት ማለት ሰው ማለት፣
ጩኸት ማለት ደመወዝ፣ ጸጥታ ማለት ብልሽት፤
ማሽን ከቆመ ብቻ ነው የሚያስደነግጣት ሌሊት።

ፋብሪካው ተዘጋ። ባሏን ቀበረች። ልጇ ወደ ኖርዌይ ሄደ።
(ሁሉም ባንድ ዓመት አልሆነም፤ ሲተረክ ነው የተዋሐደ።)
ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ሆነ እንደ ተቀየመ ዘመድ፤
ብቅ ብሎ ከደጃፍ፣ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ የሚሄድ።

ሐኪሟ ወጣት ነው፤ "ከሰዓት በኋላ ሻይ ይቅር" አላት፤
"መጋረጃ ይዝጉ፣ ስልክ ያጥፉ" ብሎ ክኒንም አከለላት።
ስልኩንስ ታጥፋው፤ ማን አለ በሌሊት የሚደውልላት?

አንድ ነገር ብቻ ቀራት። ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤት፣
ጡረተኛ ትራም ነጂ፣ ቫልደማር የሚሉት፣
ጆሮው ከደከመ ወዲህ ሬዲዮው ሲጮህ ነው የሚያድር፣
ባሕር ለማያውቅ ሠፈር የባሕሩን ጠባይ ሲናገር፦
"ነፋስ ከሰሜን ምዕራብ፤ የማዕበል ከፍታ ሁለት ሜትር..."
ሦስት ጊዜ ልትሰድበው፣ ሁለት ጊዜ ልትከሰው አስባ፣
ደብዳቤ ሁሉ ጽፋለች፤ ከሕንፃው ኮሚቴ ሳይገባ
መሳቢያ ውስጥ ቀረ እንጂ። ምክንያቱን ግን አላወቀች፦
ማዕበሉ ሁለት ሜትር ሲሞላ፣ እሷ ተኝታ ነበረች።

ጥር ላይ፣ የገና ዛፎች ከቆሻሻ ገንዳ ጎን ሲከመሩ፣
ድምፁ ቆመ።
አንድ ሌሊት። ሁለት። ሦስት። ውሾች እንኳ አልተናገሩ።
ብርጭቆ ግድግዳ ላይ ደግፋ፣ ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች፤
ጸጥታ ማለት ብልሽት። "ሞቶ ቢሆንስ?" ብላ ሰጋች።
አልደወለችም፤ ለማን? ምንስ ብላ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ
"እንደምን ዋሉ" ብቻ ነው በአሳንሰሩ የሚባባሉ።

በአራተኛው ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ካፖርት ከሌሊት ልብሷ ላይ ጣለች፤
ደወሉን ተጫነች። ደገመች። ኋላም በመዳፏ በሩን ደበደበች።
በሩ ሲነቃነቅ አይቶ መጣ፤ ማዳመጫ ሰክቷል በጆሮ።
"የልጄ ስጦታ ነው" አለ፤ "ይቅርታ፣ ስረብሽዎ ኖሮ..."

ያዘጋጀችው ቃል ጠፋት። ጉንጯ ጋለ፤ እንደ ኮረዳ ሳይሆን፣
ዘይት አጥቶ ሳይቆም በፊት እንደሚግል የድሮ ማሽን።
"ባሕሩ..." አለች፣ "ማዕበሉ እንዴት ነው ዛሬ?"
እጁን ከጆሮው አስጠግቶ፣ "ምን አሉኝ?" አለ፣ "ምን ወሬ?"
"ይንቀሉት ያንን ነገር! ድምፁን ከፍ ያድርጉልኝ፤
እኔ ጸጥታ አልችልም። ጸጥ ሲሉ፣ የሞቱ መስሎኝ..."

የደረጃው መብራት ሰዓቱ ደርሶ በራሱ ጠፋ። በጨለማ ሳቀ።
"ብቻዬን በጆሮዬ ስሰማው" አለ፣ "ባሕሩ አነሰ፣ ደረቀ።"

በማግስቱ ወዳጅ አልሆኑም፤ ለሻይ አልተጠራሩም፤
አሳንሰር ውስጥ ያው "እንደምን ዋሉ" ነው፤ ሌላ አልጨመሩም።
አንዳንዴ አሁንም ትነቃለች። ክኒኑም እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነው፣
ከደብዳቤው ጎን።
ግን ሲመሽ፣ ከግድግዳው ወዲያ ያ ሻካራ ድምፅ ተመለሰ፤
ድሩ እንደ ተወጠረ ነው፤ ማጉ ገና አልተበጠሰ።
"ነፋስ ከምሥራቅ፤ ማዕበል ሦስት ሜትር፤ ትናንሽ ጀልባዎች ከወደብ—"

ቀሪውን አልሰማችም።