ስንቅ ያለው ቼክ

ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ቀጠሮ ሲደረብ በቀጠሮ ላይ፣
ፋይሉ ሲወፍር ነው ሮብሌ ሲከሳ የማይ።
ጭነት ማውረጃው ላይ፣ ሁለት ጣት ከቀኙ ማሽን በልቶበት፣
አሠሪው «በራሱ ጥፋት ነው» ብሎ ሲከራከርበት፣
እርሱ ችሎት አይገባም፤ ከኒሙ ጥላ ሥር ነው የሚውል፣
«ምን አሉ?» ይለኛል ስወጣ፤ «ለሰኔ» ስለው፣ «እሺ፣ ሰኔም ይሆናል» ሲል።

ውክልናውን የሰጠኝ ያኔ ነው፣ ሰነዶች ማረጋገጫ፣
ግማሽ ቀን ቆመን ውለን፣ አጥተን መቀመጫ።
«እንዲከስ፣ እንዲከሰስ፣ እንዲታረቅ፣ ይግባኝ እንዲል፣
በስሜ የወጣ ቼክ ተቀብሎ ከባንክ እንዲመነዝርልኝ፣
እኔን ሆኖ እንዲፈርም፣ እስከ ሰበር ድረስ…»
ጸሐፊዋ ስታነብ፣ እኔ በሶማሊኛ ስመልስለት፣
«እኔን ሆኖ» የምትለዋ ላይ ሲደርስ ሳቅ መጣበት።
«እኔን መሆን ከቻልክማ፣ የጉልበቴን ቁርጥማት ውሰድልኝ!»
አለና አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ፣ ረጋ ብሎ አተመልኝ።
አሻራው፣
ውሃ አልፎ ሲያበቃ አሸዋ ላይ የሚቀረውን ሽክሽክ መስመር፣
ደቻቱን ነው የሚመስለው፣ ከድልድዩ ላይ ሲታይ፣ በጥቅምት ወር።

ዘንድሮ ተፈረደለት። አሠሪው ቼክ ጻፈ፣ በሮብሌ ስም፣
መቶ ሰማንያ አራት ሺህ ስድስት መቶ፤ ፊደሉና አኃዙ ልዩነት የለውም።
ደረቅ ቼክ አውቃለሁ፤ በዚህ ከተማ የቆየሁ ጠበቃ ነኝ፣
«በቂ ስንቅ የለውም» የሚል ማኅተም ስንቱን ሰው ያስለቀሰብኝ።
ይህኛው ግን ስንቅ አለው፤ ባንኩን ጠይቄ አረጋገጥኩ፣
ቅዳሜ ማታ፣ «ሰኞ እንሂድ» ልለው ስልክ ደወልኩ።
ያነሳችው ሚስቱ ኸድራ ናት። «ከአስር ሶላት በኋላ ቀበርነው።»

ስንቁስ ደርሶ ነበር። መንገደኛው ነው የቀደመው።

እሑድ ሀፈት ኢሳ፣ ከድንኳኑ ጀርባ፣ ወደ ጥግ ወሰደችኝ፦
«የወራሽነት ማስረጃ ስንት ወር ነው? አይሻ ያለችውም ሚስቱ ናት» አለችኝ።
«ጅቡቲ ያለው ልጅ ዛሬ ሁለቴ ደወለ፤ አባቱን አልጠየቀም፣ ድርሻውን እንጂ።
አንተ ጋ ወረቀቱ አለ። ጣቱ አለበት። ማን ያውቃል? አውጣውና ስጠኝ፤
ሃያ በመቶህን ቁረጥ። የልጆቹን ትምህርት ቤት ክፈል። ከደጅ ጥናት አውጣኝ።»

ሌባ ብትሆን ቀላል ነበር። ሌባ አልነበረችም፤
ልክ ነበረች፣ ከሕጉ በቀር በሁሉም።
ሕጉ አጭር ነው፦ ወካይ ሲሞት ውክልናው አብሮ ይቀበራል።
ወረቀት ግን አይሸትም፤ ማኅተሙ እንደ ትናንቱ ያበራል።

ሰኞ፣ ከዚራ፣ ሙቀቱ ሳይነሳ ባንክ በር ላይ ነበርኩ።
ላወጣ ነው? ልመልስ? ሁለቱንም አሰብኩ።
የሁለት ወር የቢሮ ኪራይ አለብኝ፤ እሱንም አሰብኩ፣ አልዋሽም።
ቁጥሬ ስልሳ ሦስት። ማራገቢያው ይዞራል እንጂ አየር አያመጣም።

ልጅቷ ቼኩን አየች። ጀርባውን አየች። ውክልናውን ገለጠች።
ስልክ ደወለች፤ «አልተሻረም» አሏት፤ አመሰገነች።
ከዚያ፣ ቀና ሳትል፣ ስንቱን እንደምትጠይቅ፣
«ወካዩ በሕይወት አሉ?» አለችኝ፣ ድምጿ ሳይደምቅ።

ሰባት ዓመት በሮብሌ ፋንታ ስናገር የኖርኩት ሰው፣
«ደንበኛዬ…» ብዬ ጀመርኩና ማሰሪያ አንቀጹን አጣሁት የምቋጨው።
አሉ፣ ሁለት ፊደል ነው። ነበሩ፣ ሦስት።
በአንዷ ፊደል ልዩነት ስንት ዓመት፣ ስንት ጣት፣ ስንት ቤት።
ከመስታወቱ ወዲያ አሻራው ፊቱን ወደ እኔ አዙሯል።
ሲቆሙ መዋል ይሁን፣ እንጃ፣ ጉልበቴን ይቆረጥመኛል።

«ነበሩ» አልኳት።

ወረቀቶቹን ሰብስባ በመስኮቱ ሥር ገፋችልኝ።
ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይርገበገባል። ኸድራ ናት።
«ስልሳ አራት» አለ ማሽኑ።