ለጌጥ የተተከለ ዋርካ

ደብረ ማርቆስ፣ አብማ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ሰው የሚሉት ፍጥረት ምን እንደሆን ልናይ
መንደር ቆረቆርን በኮምፒውተር ሆድ፣
አርባ ገበሬዎች ሰደድን በመንገድ።
አርባ ማሳ፣ አንድ ጅረት፣ አንድ የጋራ ጎታ፤
ሰባት ደቂቃ ነው ከንጋት እስከ ማታ።

ዶክተር ልየው አለ፦ «ሕግ አታስገቡበት፤
ሰራቂው ይስረቀው፣ ሰጪውም ይስጥበት፤
እኛ ቁጥር ብቻ እንልቀምበት።»

ዋርካውን የሳለው ገደፋው ነው፣
ባዶ ሜዳ ቢደብረው።
«ምን ይሠራል?» አልኩት።
«ምንም። ለጌጥ ነው። ጥላ እንኳ የለው።»

ተጫዋቾች መጡ ከሞጣ፣ ከብቸና፣
ከደምበጫ ስልክ ቤት፣ ከአማኑኤል ጎዳና፣
ካርድ በጋራ ገዝተው፣ በተሰነጠቀ መስታወት።
በስም አላወቅናቸው፤ በቁጥር ነው የጻፍናቸው እኛ ቤት።

የልየው ትንቢት ግድግዳው ላይ፣ በቀይ፦
በአሥረኛው ቀን ጎታው ይራቆታል፤
በአሥራ ሁለተኛው ሰው ሰውን ይበላል።

በስድስተኛው ቀን ብቸና መብራት ሄደ።
ሃያ ሦስት ቁጥር ሞፈሩን እንደያዘ
ማሳው መሃል ደርቆ ቆመ፤ ፈዘዘ።
አረም መብራት ሄደ ብሎ አይቆምም፤
ይወጣል፣ ይወጣል፣ ጤፉን ሊውጥ።
«ስርቆት» ከሚለው ዓምድ ላይ ጣቴን አሳርፌ
ጠበቅሁ፣ ልቆጥር።
ዘጠኝ ቁጥር መጣ። ገባ። አልሰረቀም። አረመ።
አሥራ አንድ ተከተለው፤ ከጎኑ ቆመ።
ከዚያ ሰላሳ አራት። ከዚያ አሥራ ሁለት ሰው፣ በመስመር።
(በእኛ ጨዋታ ውስጥ «ደቦ» የሚል ቁልፍ አልነበር።)

ልየው መነጽሩን ጠረገና «ስህተት ነው» አለ።
«ከመስመር የወጣ ነጥብ ነው፤ ይጣል» አለ።

እኔ ግን ከዚያች ማታ እንቅልፍ አጣሁኝ፤
እውነት ለመናገር፣ በሰዎቼ ቀናሁኝ።
ቢሮው ሲዘጋ የራሴን ስልክ ከፍቼ
አርባ አንደኛ ሆኜ ገባሁ፣ ሹክሹክታዬን ፈርቼ።
ልፈትናቸው ብዬ
ከጎታው ጤፍ ሰረቅሁ፤ አንድ ቁና፣ በጨለማ።
«ጥናት ነው» እያልኩ።
ሌባ መቼ ስም አጥቶ ያውቃል ለሥራው!

ማግስቱን ስመለስ
ጅረቱ ዳር ሰው የለ፣ ማሳው ላይ ሰው የለ።
ሁሉም ዋርካው ሥር ነው፤ ክብ ሠርቶ፤
ያ ለጌጥ የተሳለ፣ ጥላ እንኳ የሌለው ዛፍ ሥር።
«መቀመጥ» የሚል ቁልፍም አልሰጠናቸውም፤
«ድካም» የሚለውን ነክተው፣ ጉልበታቸውን አጥፈው
እንደ ዛለ ሰው ወድቀው ነው የተቀመጡት።

ዘጠኝ ቁጥር ጻፈ፣ ፊደሉ እየተንጋደደ፦
«አርባ ነበርን። እንግዳ መጣ።
እንግዳ ሲርበው ይጠይቃል እንጂ በጨለማ አይወጣ።
ቸግሮህ ከሆነ ተናገር።
ካልቸገረህም ደግሞ፣ እሱንም ተናገር።»

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። ሰባት ደቂቃ ምን አላት?
«ሰው አጠናለሁ» ልበል?
«አጠገባችሁ ሳልሆን በላያችሁ ነኝ» ልበል?
ጻፍኩ፤ አጠፋሁ። ጻፍኩ፤ አጠፋሁ።
በመጨረሻ፦ «አልቸገረኝም። ላያችሁ ብዬ ሰረቅሁ።»

ዝም አሉ።
ዝምታም ይመዘገባል እኛ ዘንድ፤ ሠንጠረዡ «አርባ ሰከንድ» ይላል።
ከዚያ ሰላሳ አራት፦
«ካሣው አንድ ቁና። ነገ ደግሞ ሃያ ሦስት ማሳ ላይ ናልን።
አርፍደህ እንዳትመጣ።»
«አርፍደህ» አለኝ፤ ሴት መሆኔን አያውቅም።
አላረምኩትም።

ሪፖርቱ ላይ «አርባ አንድ ሰው ተጠና» ብዬ አሰፈርኩ።
ልየው ቀይ እስክሪብቶ አነሣ፤
«አንዱ ትርፍ ነው» አለኝ። አልተከራከርኩ።
እሱ ወረቀቴን ያርማል፤
እኔ ከጠረጴዛው ሥር ስልኬን ይዤ
ከዘጠኝ ቀጥዬ፣ ከአሥራ አንድ ፊት፣
የሃያ ሦስትን ማሳ አርማለሁ።
ብቸና እስካሁን መብራት የለም።