ሁለት ግንድ

ሐዋሳ፣ ከታቦር ግርጌ፣ ከመጋዝ ቤታችን፣
ዛሬ ሁለት ግንድ ዋንዛ ደረሰ ከደጃችን፤
አንዱ ከወንዶ ገነት፣ ከምንጭ ዳር የበቀለ፣
አንዱ ከሎካ አባያ፣ ጠጠር ላይ የዋለ።

አንድ ዘር ናቸው፣ ቅጠላቸው አንድ፣
ነጭ አበባቸው ለንብ አንድ ዓይነት መንገድ፤
ግን አንዱን ለማውረድ ስድስት ሰው ደከመ፣
አንዱን ዱካሞ ብቻውን ተሸከመ።

ዕድሜያቸው እኩል ነው።
ፊታቸውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣
ቆጠርኩ፣ ከቅርፊት ወደ ልብ ዘልቄ።

የወንዶው ቀለበት ሰፊ ነው፣ የጠገበ፣
በየክረምቱ ሥጋ በሥጋ ላይ የደረበ።
አርባኛው ላይ ስደርስ ግን መስመሩ ክር ሆነ፤
ሰባ ሰባት!
ምንጭ ያሳደገው ዛፍ እንዴት እንደባከነ።
ከዚያም ሦስት ዓመት፣ ዝናቡ ተመልሶ፣
ዛፉ አላመነውም፤ ያድጋል ጥቂት ቀምሶ።

እናቴ ትዝ አለችኝ፦ ጎተራው ሞልቶ ሳለ፣ ከትራሷ ሥር፣
እፍኝ በቆሎ በመሀረብ ትቋጥር ነበር።

የሎካውን ግንድ ደግሞ ገልብጬ ባየው ባየው፣
ሰባ ሰባት የቱ ጋ ነው? ከየቱ ልለየው?
ሁሉም መስመር ክር ነው፣ አንዱ ካንዱ ተጣብቆ፣
ደብተር እንዳያልቅበት እንደሚጽፍ ተጠንቅቆ።

ዱካሞን ጠራሁት። ሰጋቱራ ከቅንድቡ እያራገፈ መጣ።
«በእናንተ አገር» አልኩት፣ «ድርቁ መቼ ነበር?»
ቀና ብሎ አየኝ።
«የትኛው?»

መልስ አልነበረኝም። መጋዙን አስነሳሁ።
ወንዶው እንደ ቅቤ ተሰነጠቀ፤
ሎካው ላይ ምላጩ ሁለቴ ደነዘ፣ ሁለቴ ተሳለ።
ደንበኛ ግን የሚወደው ሰፊ ጣውላ ነው፤
ከወንዶው ቁም ሳጥን ይወጣል፣ ቀብዱም ተከፍሏል።
ከሎካው የወጣችው አንዲት በርጩማ ናት፣
ማንም አላዘዛት።

አመሻሽ ላይ ከሐይቁ ነፋስ መጣ፣ ደመና ያልያዘ።
ዱካሞ ከበርጩማዋ ተነሳ፣ ገለበጣት፣
ለረጅም ጊዜ ሆዷን አየ፣
ከዚያ ጥፍሩን ከአንዲት መስመር ላይ አሳረፈ።
«ይቺ» አለኝ፣ «የመጀመሪያ ልጄ የተወለደባት ናት።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ።
ከላይዋም ከታችዋም ካሉት
መለየት አልቻልኩም።