ሞላው አልደከመም

ሥራዬ ቆጠራ ነው፤ ሴንጢ መክፈት፣ ሴንጢ መዝጋት፣
ቀጭ ሲል አንድ፣ ቀጭ ሲል ሁለት፣ ከማለዳ እስከ ምሽት።
ዱሉዝ ነው፣ ከዳገቱ ሥር፣ ሐይቁ ዳር ባለች ክፍል፣
ማዕድን የጫነ መርከብ ድልድዩን «ተነሣ!» ሲል።
መቶ ሲሞላ አንድ ጭረት፣ ሺህ ሲሞላ አንድ መስመር፤
ደብተሩ የዴልማር ነው፣ በእስክሪብቶ አይሰመር፤
ቀለም ዘይት ሲነካው ይሸሻል ይላል፣ እርሳስ ግን ይታገሣል።

ሰው ሴንጢ ሊገዛ ሲመጣ ስለቱን ነው የሚያየው፤
ፀጉር ይላጭ እንደሆነ ክንዱ ላይ ነው የሚሞክረው።
ከጀርባ የተጋደመውን፣ ያን ቀጭን ሞላ ማን ጠይቆት?
ስለቱን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ጣት እንዳይበላ ከልክሎት።
ስለት ቢዶለዱም ይሳላል፤ ሞላ ሲልም ግን ጣት ነው፤
ምስክሬ ይኸውላችሁ፣ ሌባ ጣቴ ላይ የተጻፈው።

የኔን ሴንጢ የገደልኩት እኔው ነኝ፣ ሥራ አልነበረም ያደከመው፤
አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ስልክ ሳወራ፣ እጄ ሥራ ሲፈታ ነው፤
ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ለምንም ያልሆነ፣ እንደ ጥርስ ማፋጨት፤
አንድ ቀን ካርቶን ስቆርጥበት፣
ቀጭ አለማለቱን ልብ ሳልልበት፣
እጥፍ!
ሦስት ስፌት።
ዴልማር አይዞህ አላለኝም።
«ስንተኛው ላይ ነው?» አለኝ። አልቆጠርኩም።
«ያልተቆጠረ» አለ፣ «አይታመንም።»

ፋብሪካው ወረቀቱ ላይ «አሥር ሺህ ጊዜ ይከፈታል» ይላል።
ማሽን ነው የቆጠረለት፤ ማሽን እጁን መች ያልበዋል?
አሸዋ የለ፣ የኪስ ብናኝ፣ የፖም ጭማቂ፣ የዓሣ ቅርፊት፣
ጃኬት ላይ የደረቀ የመንገድ ጨው የለበት።
«ሴንጢ የሚኖረው ከሰው ጋር ነው!» ይላል ዴልማር ሲቆጣ፣
ተቆጥቶም ሲያበቃ፣ የቀዘቀዘ ሾርባውን ሲጠጣ።

አንድ ሐሙስ አይሊ ኮስኬላ መጣች፣ ሰማንያን ያለፈች፣
ከኮረብታው በአውቶቡስ፣ የሱፍ ካልሲ ታቅፋ ወረደች።
ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፣ እንደ ተኛ ሕፃን ቀስ ብላ፤
ከውስጡ ሴንጢ ወጣ፣ የተከፈተ!
ስንት ሰው መሃል ተቀምጣ፣ ስለት በካልሲ ጠቅልላ!
የባሏ ነበር፣ የኤይኖ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ
ተዘግቶ መሳቢያ ውስጥ ኖሯል፣ ከመርፌ ከክሩ፣ ከሁሉ።
አርብ ዕለት ገመድ ልትቆርጥ ከፈተችው፤ ተከፈተ፤
መዘጋቱን ግን እምቢ አለ።
«ሞላው» አለች፣ «ተኝቶ ተኝቶ ዛገ፣ ደነዘ፣ ሞተ።»

እኔም መስሎኝ ፒንሳ አነሣሁ። ዴልማር ግን ዝም ብሎ
በአውራ ጣቱ ጀርባውን ተጫነ፤ ስለቱ ገባ ተከልሎ።
መልሶ ከፈተው። ቀጭ!
እንዲህ ያለ ቀጭ በዚያ ክፍል ሰምቼ አላውቅም።
ሞላ ታጥፎ በመተኛት አይደክም፤ የሚፈጀው መመላለስ ነው፤
የኤይኖም ሞላ፣ ዓመት ቢጎድል፣ እንደ ሞላ ነው።
የጎደለው ሌላ ነበር። አይሊ ጓንቷን አወለቀች፣
አንጓው ያበጠ አውራ ጣቷን መብራቱ ሥር አኖረች።

«አላላልኝ» አለች፣ «እንዲታዘዘኝ።» ዴልማር ራሱን ነቀነቀ፤
«የላላ ሞላ ጣት ይበላል»፤ ዓይኑም ወደኔ ጣት ዘለቀ።
«ሌላ ልስጥሽ፣ አዲስ፣ ቀላል፣ ያለ ጉልበት የሚዘጋ።»
«ቢላማ ሞልቶኛል» አለች፤ ነገሩም በዚሁ ረጋ።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ፣ አራት ሰዓት ሲል ረፋዱ፣
ካልሲው ከኮረብታው ይወርዳል፣ በረዶ ቢሆንም መንገዱ።
በሳምንት አንዴ ትከፍተዋለች፣ ለደብዳቤ ወይ ለከረጢት፤
እኛ እንዘጋላታለን። ዋጋው አንድ ብስኩት።
ደብተሩ ላይ ስሟ አለ አሁን፣ በሳምንት አንድ ጭረት።

ትናንት ዴልማር እርሳሱን ልሶ ሒሳብ ያዘ በጎን፤
አሥር ሺህ እስኪሞላ፣ በዚህ አካሄድ ከሆን፣
መቶ ዘጠና ምናምን ዓመት።
«እስከዚያ ማን ይዘጋላታል?» አልኩት ለቀልድ።
አልሳቀም። አውራ ጣቱን በሌላው እጁ ያሽ ነበር።
ተከታዩን ሴንጢ አነሣሁ።
ቀጭ።
አንድ።