እስከ ጉልበት

በረዶው ሸሽቶ ኦማሎስ ሜዳ ላይ ሣሩ ብቅ ሲል፣
አርጊሮ ጎንበስ ብላ ጠቆመች በጣቷ፣ «ዛፉን እየው» ልትል።
ዛፍ ፈለግሁ። ቀና አልሁ። ያለው ሰማይና ዐለት ነው፤
እሷ የምታሳየኝ ጉልበቴ የማይደርስ አንድ ቁጥቋጦ ነው፤
በጥርስ የተከረከመ፣ እንደ ቡጢ የተጨበጠ፣
ቅጠሉ ከጥፍር ያነሰ፣ ጫፍ ጫፉ የተቆረጠ።

«ዕድሜው ስንት ነው?» ብላት፣
«እንጃ» አለች፤ «አራት መቶ ይሆናል።
በየዓመቱ ያድጋል፤ በየዓመቱ ይበላል።»
«ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» እያለ የኛ ሰው ይተርታል፤
እዚህ ግን ፍየሏ ከደረሰች፣ ከበጠሰች፣ ከወለደች
ዘመን በዘመን ላይ ተደርቧል።

አምቤሊትሲያ ይሉታል። በኔ ቋንቋ ስም የለውም፤
እኔም አልሰየምሁትም፤ ሥራው ጊዜ አልሰጠኝም።

የብረት ምሰሶ፣ ጥቅል ሽቦ፣ ሲሚንቶ በከረጢት፣
እስከ መንገዱ ጫፍ በማኑሶስ ፒክአፕ፣
ከዚያ ወዲያ በጫንቃ፣ በቅሎ እምቢ ያለችው አቀበት።
ዐለቱ አይቆፈርም። ዲጂኖው ይነጥራል፤ ክንድ ይነዝራል እስከ ጥርስ፤
በቀን ሰባት ጉድጓድ፤ ሲቀናን ስምንት፤
ሦስት፣ ያ የባሕር ነፋስ ሲነፍስ።

እኔ አጥር አውቃለሁ።
ምላጭ ለብሶ ድንበር ላይ የቆመውን፣ በውጪው ወገን አውቀዋለሁ፤
መዳፌ ላይ የተወልኝን ጠባሳ በጨለማ እዳስሰዋለሁ።
መጀመሪያ ቀን ሽቦውን ስስብ እጄ አልታዘዝ አለኝ።
አርጊሮ አየች። ምንም አልጠየቀችኝ፤
የራሷን ጓንት አውልቃ ሰጠችኝ።

ማኑሶስ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያየናል።
ፒክአፑ የሱ ነው፣ ፍየሎቹ የሱ ናቸው፤
ኪራይ ይቀበለናል፣ እግረ መንገዱን ይሰድበናል።
«አያቴ እዚሁ አገደ፤ አባቴም እዚሁ።
ዛፉም አለ፣ ፍየሉም አለ፤ ታዲያ ምን ጎደለ?»
ሲናገር በከዘራው መሬቱን ይወጋል፤
ቆልማማ እጀታ፣ በእጅ ላብ ብዛት የተወለወለ።
«ከምን እንጨት ነው?» አልሁት እንደ ዋዛ።
ወደ ቁጥቋጦው አየ፤ ትንሽ ዘገየና «ከዚህ ነው» አለ።
«አባቴ ሲቆርጠው፣ ሦስታችን ከነበጎቹ ጥላው ሥር አርፈን ነበር» አለ።
ከዚያ ሲጋራ ፈለገ፤ ኪሱ ውስጥ አልነበረም፤
በዚያ ቀን ደግሞ አልተሳደበም።

በጥቅምት ችግኝ መጣ ከሐኒያ፣ በእርጎ ኩባያ፣ ሃምሳ አንድ፤
አርጊሮ ጭኗ ላይ ታቅፋ፣ ሾፌሩን «ቀስ» እያለች መንገድ ለመንገድ።
ከመቶ ፍሬ ዘጠና ምናምኑ ባዶ ነው ትላለች፤
እነዚህን ለማግኘት ስንት ከረጢት አበጠረች።
በጋው ሃያ ሁለቱን ወሰደ። ውሃ በጀሪካን አመላልሰን፣
አልሆነም። የስም እንጨታቸውን ነቅለን ተመለስን።

አንድ ሌሊት ስልክ ተደወለ፤ «ሽቦው ተቆርጧል።»
ማን እንደሆነ ሁላችን አወቅን፤ ወይም ያወቅን መሰለን፤
ፒንሳ ይዘን፣ ንዴት ይዘን፣ ጎህ ሳይቀድ ወጣን።
ደርሰን ስናይ ቀዳዳው በገመድ ተጠልፏል፤
ፒክአፕ ላይ ጭነት የሚታሰርበት ያው ቋጠሮ፣
ዐይናችን ለይቶታል።
ቆራጩም እሱ ይሁን፣ ጠጋኙ ብቻ፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅነውም፤
ገመዱንም አልፈታነውም።

ዘንድሮ አራተኛ ዓመቱ። ዛፉ ከጉልበት አልፏል፤
ከዚያ ከተጨበጠ ቡጢ ውስጥ
አንድ ቀጭን ልምጭ እንደ ጣት ቀጥ ብሎ ወጥቷል።
በሩን ቆልፌ ከውጪ ቆምሁ፤ እንደ ያኔው። ቁልፉ ግን ኪሴ ውስጥ ነው።
ለማንም አልተናገርሁም፤ ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቀው።

ቁልቁል ስወርድ ማኑሶስ መንገዱ ዳር ይጠብቀኛል።
«የት ደረሰ?» ይለኛል።
እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ አሳየዋለሁ።
ከዘራውን ከቀኝ ወደ ግራ ያዛውራል፣ ከዚያ ወደ ጀርባው፤
እኔም እንዳላየ እሆናለሁ።