ከክትትል የጠፋ

ሥራዬ መጠየቅ ነው፤ በዓመቱ መደወል፣
«ከዜሮ እስከ አሥር፣ ሕመምዎን ስንት እንበል?
ካልሲዎን ሲያጠልቁ፣ ባልዲ ሲያነሡ፣
ሌሊት ሲገላበጡ፣ ጠዋት ሲነሡ፣
እግርዎ ይደነዝዛል? ሲያስሉስ ይወጋል?»
አሥር ጥያቄ ነው፤ በአሥር ደቂቃ ያልቃል።

ዞንጉልዳክ ነው አገሩ፣ ጥቁር ባሕር ዳር፣
ቤቱ ሁሉ በደረጃ ከገደል ተንጠልጥሎ የሚያድር።
ወንዱ ከምድር ሥር ድንጋይ ከሰል ሲፈልጥ ኖሮ
ጡረታ ሲወጣ ወገቡን ይዞ ነው፣ እንደ ማጭድ ዞሮ።
ዶክተር ኦርሁን ይከፍታል፤ የፈነዳውን ዲስክ ይጠርጋል፣
በአራት ብሎን፣ በሁለት ዘንግ፣ አራተኛውን አጥንት ካምስተኛው ያስራል።
በራጅ ሲታይ ያምራል፤
እንደ አዲስ መሰላል ቀጥ ብሎ ያበራል።
ራጅ ግን አይናገርም፤
ብረቱን እንጂ ሰውየውን አያሳይም።
ስለዚህ ነው የኔ ስልክ፣ ስለዚህ ነው መጠይቁ፣
ራጁ «ደህና» ያላቸው ደህና ይሆኑ እንደሁ እንዲጠየቁ።

አንዷ «ሦስት» አለችኝ፤ ቆየችና «ሁለት፣
ያንዱ የዝናቡ ነው» ብላ አረመችበት።
ሌላው ቁጥር አልሰጠም። «የጫማዬን ክር አሰርኩ፣
ትናንት፣ በገዛ እጄ፣ ሚስቴን ሳልጠራ»፤ እርሱ ሲስቅ እኔም ሳቅኩ።
ለጫማ ክር ቦታ የለም በቅጹ ላይ፣
ከኅዳጉ አሰፈርኩት፣ በእርሳስ፣ በስሱ፣ ማንም እንዳያይ።

አርባ አንድ ቁጥር ግን አያነሣም።
ሦስቴ ደወልኩ፤ በአራተኛው ሚስቱ ሙካዴስ «የለም፣
ወጥቷል» አለች። ከኋላዋ ሲያስል ግን አልጠፋኝም።
ደንቡ ግልጽ ነው፤ አራቴ ተጠርቶ ካልመጣ
«ከክትትል የጠፋ» ተብሎ ከስሌቱ እንዲወጣ።
ጠፋ! እንደ በግ፣ እንደ ቁልፍ፣ እንደ ጀልባ በማዕበል፤
ሰውየው ቤቱ ሲያስል።

ቅዳሜ ሄድኩ። መቶ አሥራ ሰባት ደረጃ ቆጠርኩ፣
ሰባኛው ላይ እኔው ራሴ ወገቤን ያዝኩ።
ሰፈሩ «ኡስታ» የሚለውን ኢልሃሚን በሩ ላይ አገኘሁት፤
ቆሞ ነበር። መቀመጥ እንዳቃተው ሳይነግረኝ ተረዳሁት።
አንድ እጁ ግድግዳው ላይ፣ አንድ እጁ ጭኑ ላይ፣
ሻይ ጋበዘኝ፤ እሱ ወንበሩን ሲሸሽ፣ እኔ ወንበሩን ሳይ።

«ለምን ስልክ አላነሡም?»
ባሕሩን አየ። መርከብ እንኳ አልነበረም።
«ያ ልጅ» አለኝ፣ ዶክተሩን ነው፣ «በሦስተኛው ቀን ሌሊት
ወንበር ስቦ አጠገቤ አደረ፤ ውኃ አጠጣኝ በማንኪያ፣ ልክ እንደ እናት።
ታዲያ በምን አፌ ‹ሰባት› ልበለው?
ያን ሁሉ ልፋት፣ ያን ቁጥሩን፣ በኔ ወገብ ላበላሽበት ነው?»

ይሉኝታ! ለዚህ ዓምድ የለንም፤
ይሄኛው ጉብጠት በብሎን አይቀናም።
ስንቱ ይሆን ደግ ሰው ላለማሳዘን ሲል
ሕመሙን ይዞ የተሸሸገ፣ የኛ አማካይ እንዲያምር፣ ግራፉ ቁልቁል እንዲል?

ብዕሬን አወጣሁ። «ኡስታ» አልኩት፣ «ያኔ ጉድጓድ ውስጥ ሳሉ
ጣሪያው ሲንቋቋ ቢሰሙ፣ አለቃው እንዳያዝን ዝም ይላሉ?»
ከታች ዓሣ ሻጭ ጮኸ። ሻዬ በረደ።
«ሰባት» አለ፤ ቀጥሎ «ሌሊት ስምንት»።
ሙካዴስ ከጓዳ «ዘጠኝ!» አለች፤ የሱ ፊት ነደደ።

ሰኞ ለዶክተር ኦርሁን ሰጠሁት። ማብራሪያ አልጠየቀም።
አማካያችን በስንት ነጥብ እንደተበላሸም አላለም።
መነጽሩን አወለቀ፤ ራጁን በመስኮቱ ብርሃን ዘረጋ፤
አራቱም ብሎን ቦታቸው ናቸው፤ አንዱም አልተናጋ።
«ታዲያ የቱ ጋ ነው የሚያመው?» አለ፤ ለኔ አይመስለኝም፣ ለሥዕሉ።
ኮቱን ለበሰ። «ስንት ደረጃ ነው ያልሽኝ?»
«መቶ አሥራ ሰባት» አልኩት፤ «ዝናብ ሲሆን ያንሸራትታሉ።»