አንድ ገጽ ብቻ ተባልሁ

«አምሳኛው ዓመት ነው፤ አንድ ገጽ ይበቃል፤
የተመሠረተበት ቀን፣ የሠልጣኙ ቁጥር፤ ሌላው ይታወቃል»
አሉኝ ከዋናው ቢሮ።
እኔ ለሠላሳ አንድ ዓመት መቀስ ነበር የማቀብል፤
ቁጥር ማቀበል አልችል።

ሃርቫኮስኪ፣ ከወንዙ ዳር፤ በረዶ ሰባት ወር የሚተኛበት፣
መጋዝ ቀን ከሌት ግንድ የሚበላበት፣
ግንድ ሲያልቅበት ወደ ጣት የሚዞርበት።
እዚህ ሰው ሰላም ሲል እጁን አይዘረጋም ቶሎ፤
የወዳጁን ጣት ይቆጥራል፣ ስንት ቀረው ብሎ።

መነሻው ኡንቶ ነው። ሐኪም አይደለም፤ ግንድ ጎታች ነበረ።
በመጋቢት አንድ ማለዳ ግራ እጁ ከመጋዙ ጋር ተማከረ፤
አራት ጣት በሱፍ ጓንት፣ ጓንቱ በበረዶ፣ በረዶው በወተት ጣሳ፣
ሚስቱ ተሸክማ ደረሰች፤ እሱ ከኋላ፣ አንድ ቃል ሳያነሳ።

ዶክተር ኦይቫ ሄልስቴን ያኔ የሆድ ሐኪም ነው፤
ትርፍ አንጀት፣ ሄርኒያ፣ ይሄ ነው የለመደው።
ሌሊቱን ሙሉ ሰፋ፣ መነጽር በመነጽር ደርቦ።
በአምስተኛው ቀን ጣቶቹ ጠቆሩ፣ እንደ ነደደ ክብሪት፤
ራሱ ቆረጣቸው፤ ራሱ ቀበራቸው፣ ከክሊኒኩ ጓሮ፣ ከበርች ዛፉ ሥር፣ በሌሊት።
ወር ሙሉ ከሰው ጋር አልበላም፣ ብዙም አልተናገረም፤
ሚያዝያ ሲገባ በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈ፦
«እጅ መስፋት የሚማር ይምጣ። እኔም አላውቅም።»
ያ ነው መሥራች ሰነዳችን። ማኅተም የለበትም።

ሦስት መጡ። አንዱ ደሙን ሳይሆን ብርዱን ፈርቶ ሄደ።
ሁለተኛው ሄልሲንኪ ሚስት አገባ፤ በዚያው ወለደ።
ሦስተኛዋ ኬርቱ፣ የዳንቴል ሠሪ ልጅ፤
ስፌቷን አይቶ ሄልስቴን ወንበሩን ለቀቀላት፦
«ተቀመጪ፣ አስተምሪኝ እንጂ!»

የአሳማ ቋንጃ ከሥጋ ቤት፣ የዶሮ ክንፍ፣ የተቀደደ የላስቲክ ጓንት፣
ከጸጉር የቀጠነ ክር፣ በትንፋሽ መሐል አንድ ስፌት፤
ጅማትን ከጅማት፣ ደም ሥርን ከደም ሥር፣ እንደ ተጣሉ ወንድማማች
ሳያዋክቡ ማስታረቅ።
በጀት ሲጠፋ «እጅ አጠረን» ስንል
ሠልጣኞቹ ይስቁ ነበር።

ግን ከመርፌ በፊት፣ የመጀመሪያው ትምህርት ኡንቶን መጨበጥ ነው።
በረኛችን ነበር፤ ሄልስቴን ነው የቀጠረው።
«ይቅርታ ነው» ሲሉት፣ «ደሞዝ ነው» ይላል፤ ሌላም አይጨምር።
አዲስ ሰው ሲመጣ ያንን ግራ እጅ ይዘረጋል፦ አንድ አውራ ጣትና ጉቶ።
ዓይኑን ሰብሮ የሚጨብጥ አለ፤ ነክቶ የሚለቅም አለ፣ እንደ ጋለ ድስት።
ማታ ሄልስቴን ይጠይቀዋል፦ «እንዴት ነው?»
ኡንቶ ይፈርዳል፦ «ይሄ ይሰፋል።» «ያኛው ሆድ ይቅደድ።»
ለአሥራ አራት ዓመት ሌላ ፈተና አልነበረንም።
ከሚኒስቴሩ የመጡ ተቆጣጣሪዎች በቅጻቸው ላይ
የሚጽፉበት ሳጥን አጡለት።

ማይክሮስኮፑ በባቡር መጣ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፤
ጣቢያ ወጥተን ተቀበልነው፣ ሙሽራ መጣች ተብሎ።
በዚያው ክረምት የሰባት ዓመት ልጅ አመጡ፤ የቀኝ ሌባ ጣቱ በመሀረብ።
አሥራ አንድ ሰዓት ቆምን። ኬርቱ ሰፋች፤ እኔ አቀበልሁ።
ሦስት ሌሊት፣ በየሰዓቱ፣ ጥፍሩን ጫን፣ ለቀቅ፤
ነጭ። ነጭ።
ከዚያ ሮዝ።
ማንም አልጮኸም። ኡንቶ ከበሩ መጥቶ አየ፤
ረጅም ጊዜ አየ።
«ትንሽ ዘገያችሁ» አለ፤
ባርኔጣውን አጥልቆ ወደ በሩ ተመለሰ።

አሁን መጋዙ ዓይን አለው፤ ሥጋ ሲቀርበው ራሱ ይቆማል።
ተመስገን ነው የሚባለው፤ እኛም እንላለን፣ ትንሽ እያነቀን።
ሥልጠናው ወደ ዩኒቨርሲቲው ከተማ ሄዷል፣ ማይክሮስኮፑም አብሮ፤
የሄልስቴን እጅ ተንቀጥቅጦ፣ ተንቀጥቅጦ ዐርፏል፤
ኡንቶም በርች ሥር ካሉት ጣቶቹ ራቅ ብሎ ተቀብሯል፤ ቄሱ እሺ አላሉም አንድ ላይ።

በሩ ዛሬ ሰው ሲቀርበው ራሱ ይከፈታል።
እጅ አይፈልግም።

ገጹ ሞላ። ቁጥሩን ሒሳብ ክፍል ጠይቁ።